እንደደረሰኝ

ዛሬ አመስግኜ ልሙት የምላቸው ሰዎች አሉ። ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የቤተሰብ ግሩፑ ላይ "ሰበር!!!" ብለው የሚቀሰቅሱን፣ ከታች ደግሞ "እንደደረሰኝ" ብለው የሚፈርሙ ጀግኖች። "እንደደረሰኝ" ቀላል ቃል እንዳይመስላችሁ፣ አላየሁም አልሰማሁም አላጣራሁም ግን ለ43 ሰው ልኬዋለሁ ማለት ነው'ኮ። አንዲት ቃል ጽፎ ከህሊናም ከወቀሳም ነጻ መውጣት፣ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! (አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰት መረጃ ያሰራጨውን ይቀጣል፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል ይላል አሉ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ግን 43 ስለሆንን ዘና ብሏል።)

ልጆቻችንንም በዚሁ ጥበብ ነው ኮትኩተን ያሳደግናቸው። ፎቶው ላይ ቀይ ቀስት ካለበት እውነት ነው፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ካለው በጣም እውነት ነው፣ "ሳይጠፋ ቶሎ እዩት" ከተባለ ተደብቆብን የኖረ እውነት ነው፣ የላከው ጋሼ ከሆነ ደግሞ አለቀ፣ ታላቅ ይዋሻል እንዴ?

ውጤቱንም አይተነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ተገኘ ሲባል ሌላው ዓለም ላብራቶሪ ውስጥ ሲደናበር እኛ ቤት መድሃኒቱ በቴሌግራም ደርሶ ነበር፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት። የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ምግብ ነው ግን ከቫይረሱ ለመከላከሉ ማስረጃ የለም አለ፣ ቢልስ ማን ሊሰማው፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ የለ። ደሞ ሙያውን አንካድ፣ ታክሲ ውስጥ ርቀታችንን ያስጠበቀን ሽታው ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ የደከምንበትን ትምህርት አንዷ የአይሲቲ ቲቸር ልታፈርስብን ተነሳች። የእህቴ ልጅ ያኔ 10ኛ ክፍል ናት፣ አሳይመንት ይዛ መጣች። ከቤተሰብ ግሩፕ የተላከ ነገር ውሰዱና ማን አለው፣ መቼ አለው፣ ሌላስ ማን ዘገበው በሉ ተብለዋል። ይባስ ብላ ቲቸሯ አንድ ገጽ ላይ ከማፍጠጣችሁ በፊት ሌላ ታብ ክፈቱና ስለ ገጹ ሌላው ሰው ምን እንደሚል እዩ አለቻቸው። ታላቅ የላከውን መጠራጠር በማርክ! ፈረንጅማ ይልመደው፣ አሜሪካ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዛፍ ላይ ስለሚኖር ኦክቶፐስ የሚያወራ ለቀልድ የተሰራ ገጽ ለ7ኛ ክፍል ልጆች ሰጥተው ልጆቹ አምነውት ቁጭ፣ እኛ ግን ባህል ያለን ህዝብ ነን።

ልጅቷ በጎርፉ ጀመረች። ጋሼ "ከተማችን ሰጠመች" ብሎ የላከውን ፎቶ በሁለት ጣቷ ጎትታ አሰፋችውና "መኪኖቹ እኮ በግራ ነው የሚነዱት፣ እኛ አገር በቀኝ አይደል?" አለች። ዝም አልን። ጋሼ ሻዩን ፉት አለና "እና ጎርፉ ጎርፍ አይደለም?" አለ። በቃ፣ ፕሮፌሰር እኮ ነው።

ዋናው ግን የፈተናው ነው። ነገሩ በ2016 ሰኔ ላይ ነው፣ የልጅቷ ወንድም 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሆኖ ሌሊቱን ሁሉ ሲያጠና ከርሟል። ጋሼ የእንግሊዝኛ ዜና ስክሪንሾት ለቀቀ፣ ፈተናው ወጥቶ ተሰርዟል ይላል፣ ቀኑም 2016 ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ልጁ ደብተሩን ከደነና ገብቶ ተኛ፣ እናቱ አለቀሰች፣ እኔም (አልዋሽም) ለሦስት ሰው ፎርዋርድ አረግኩት። ልጅቷ ብቻ ስክሪንሾቱን አየት አረገችና "2016 በኛ ነው በፈረንጅ?" አለች።

በፈረንጅ ነበር። ግንቦት 2008 ላይ እንግሊዝኛው ከመሰጠቱ በፊት ወጥቶ ፈተናው የተሰረዘ ጊዜ የተጻፈ ዜና ነው። እውነት ነው እኮ፣ ስምንት ዓመት አርጅቶ መጣ እንጂ። ልጁን ቀስቅሰን ደብተሩን መለስንለት።

ልጅቷም አላረፈችም፣ ዋናውን ዜና ከነሊንኩ፣ ከነቀኑ፣ በኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነም አስልታ ግሩፑ ላይ ለጠፈችው። አርባ ምናምኑ ሰው አየው፣ አንድም ላይክ የለም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጋሼ "ታይፒንግ" ሲል ቆየና ጻፈ።

"ይሄን ደሞ ማን አለሽ? ምንጭሽን አምጪ።"

ግሩፑ ከተከፈተ ጀምሮ ምንጭ ሲጠየቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።