ማስተካከያ፦ «ነፃ» ያልኩት ነፃ አይደለም

ባለፈው «የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው፤ የደሃ ልጅም እኩል ይማራል» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ። አንዲት የአዘዞ እናት ጎንደር ፒያሳ አግኝተውኝ፣ «ታዲያ ልጄ የፈረመችው ምንድን ነው?» አሉኝ።

የፈረመችው የወጪ መጋራት ውል ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ አድርጓል። ሲመዘገብ ብር አይጠየቅም። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው ከደመወዙ የሚቆረጠው። ቀድሞ ለከፈለ ደግሞ ደንቡ ቅናሽ አስቀምጦ ነበር፤ ያው ላለው ነው እንግዲህ።

ውሉ ላይ የሌለው የፎቶ ኮፒና የባጃጅ ሂሳብ ግን ዛሬውኑ ከእሳቸው መቀነት ነው የሚፈታው።