ይድረስ ለክቡር ተንቀሳቃሽ አየር ማቀዝቀዣ
ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ
ጉዳዩ፦ የመብራት ፍጆታ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ የመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሯችንን እንደ ምጣድ ባጋለችበት ሳምንት ወደ ቤታችን ሲገቡ ጎረቤት ሳይቀር ወጥቶ ተቀብሎዎታል፤ እኔም የሳሎኑን ብቸኛ መስኮት ለቱቦዎ መውጫ ለቅቄልዎታለሁ። ይሁን እንጂ ወሩን ሙሉ ያደርሰን የነበረው የቆጣሪ ካርድ በ11ኛው ቀን አልቆ ቆጣሪው መጮህ ስለ ጀመረ፣ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በግንባርዎ ላይ በትልቁ የተለጠፈው 12,000 ቢቲዩ ነው። ሻጩን «ስንት መብራት ይበላል?» ብዬ ስጠይቀው ጣቱን የቀሰረውም ወደዚሁ ቁጥር ነበር። ቁጥሩ በሰዓት ከክፍሉ የሚያወጡትን ሙቀት እንጂ የሚበሉትን መብራት እንደማይናገር የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። የሚበሉት ከጀርባዎ፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል ተጽፏል፤ 1,300 ዋት። ትሕትናዎ እዚህች ላይ ብቻ መታየቱ ይገርማል።

በቀን 6 ሰዓት ሲሠሩ 7.8፣ በ30 ቀን ደግሞ 234 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። አንዱን ለስሌት ያህል 5 ብር ብንለው 1,170 ብር ነው። ለስሌት ያህል የምለው ታሪፉ ባለ እርከን ስለሆነና ብዙ የፈጀ ቤት የአንዷም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ስለሚወደድበት ነው። 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ጣና በለስ ውኃውን የሚወስደው ከደጃፋችን ሐይቅ ነውና ጉርብትናው ትንሽ ያስቀንስልናል ብዬ ነበር፤ ቆጣሪ ግን ጉርብትና አያውቅም።

እስካሁን በበላተኛነት የምትታማው 3,500 ዋት የምትስበው የእንጀራ ምጣዳችን ነበረች። እርሷ ግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ሠርታ፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ፈጅታ ቤተሰቡን ታበላለች። ባለ 50 ዋቱ ማራገቢያማ እርስዎ በሚሠሩበት ሰዓት ሁሉ ቢዞር 9 ብቻ ነው።

ሻጩ «ክፍሉ ከቀዘቀዘ ኮምፕረሰሩ ያርፋል» ብሎኛል፤ መብራቱን በብዛት የሚበላውን ሞተርዎን ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ ክፍሉ ከቀዘቀዘ። ነገር ግን ባለ አንድ ቱቦ በመሆንዎ፣ ሙቀትዎን ይዞ ወደ ውጭ የሚወጣው አየር እኔ ከፍዬ ያቀዘቀዝሁት የሳሎን አየር ነው፤ እርሱ በወጣ ቁጥር የውጭው ወበቅ በበሩ ሥር ሾልኮ ይተካዋል። አንድ ቀን ሻማ ለኩሼ በሩ ሥር ባስጠጋ ነበልባሉ ወደ ውስጥ ተጋደመ። ሌላውን ዕቃ ሁሉ አጥፍቼ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ቆጣሪው ፊት ብቀመጥም 1.3 ቆጠረብኝ፤ አንዲት ደቂቃ አላረፉም ማለት ነው።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀን መጥታ፣ ከፊትዎ ጋቢዋን ደርባ ተቀምጣ፣ «አንተ ልጅ፣ ብርድ በገንዘብ ይገዛል እንዴ? ማርቆስ ብትመጣ በነፃ አይደል!» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ እስከ ግንቦት መጨረሻ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ፣ የበሩ ሥር በአሮጌ ነጠላ ሲወተፍም ቅር እንዳይሰኙ በአክብሮት አሳስባለሁ። ለክረምቱ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ማረፊያ ተዘጋጅቶልዎታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለቆጣሪው
ለምጣዳችን፣ ከይቅርታ ጋር