ከድንቅነሽ ቀጥሎ የሽንፋ ዓሣ አጥማጆችም ይነገርላቸው

የዘመናዊው ሰው ዝርያ ከአፍሪካ ስለ መውጣቱ ሲነሣ ሚዛን ደፍቶ የቆየው ሐሳብ፣ ዝናብ በበዛባቸው ዘመናት በረሃው ለምልሞ መንገድ ሲከፍት አዳኝና ለቃሚ ሰዎች አራዊቱን ተከትለው ወጡ የሚለው ነው። በመተማ አካባቢ፣ የዓባይ ገባር በሆነው በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው ጥንታዊ ሰፈር ግን ይህን ሐሳብ እንደገና እንድንመረምር ያስገድደናል።

በ2024 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት የታተመው ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከ74,000 ዓመታት ገደማ በፊት በሱማትራ ደሴት የፈነዳው የቶባ እሳተ ገሞራ የረጨው ደቃቅ የመስታወት ብናኝ በሰፈሩ አፈር ውስጥ ተገኝቷል። ከብናኙ በታችና በላይ ያሉትን ንብርብሮች በማነጻጸር ሰዎቹ ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ምን ይበሉ እንደነበር ማወቅ ተችሏል። አየሩ ክፉኛ መድረቁን የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ምርመራ ቢያመለክትም ሰፈሩ አልተተወም፤ ይልቁንም ከምግባቸው የዓሣው ድርሻ ጨመረ። ምክንያቱ ከወንዙ ጠባይ ይመነጫል። በበጋ ፍሰቱ ሲቋረጥ ውኃው በየኩሬው ተነጣጥሎ ይቀራል፤ ኩሬው በጎደለ ቁጥርም ዓሣው በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ በቀላሉ ይያዛል። አንዱ ኩሬ ሲሟጠጥ ግን ወደሚቀጥለው መሻገር ግድ ነው፤ እንዲህ እያሉ ትውልዶች ሩቅ አገር የመድረስ ሐሳብ ሳይኖራቸው ሊርቁ ይችላሉ። እርግጥ ነው፣ አንድ ሰፈር ብቻውን የአህጉርን ጉዞ አይመሰክርም፤ የሽንፋ ሰዎች ራሳቸው ከአፍሪካ ወጡ የሚል ማስረጃም የለም። ድርቅ ሁልጊዜ መንገድ ይዘጋል የሚለውን ግምት ግን ከእንግዲህ እንዳለ መቀበል የሚቻል አይመስለኝም።

ሰው የተጓዘው ወደ ውጭ ብቻም አይደለም። በባሌ ተራሮች፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ሰዎች እየተመላለሱ ኖረዋል። በብዛት ይበሉ የነበረው እዚያው ባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ነበር፤ እሳት የነካቸው አጥንቶች ጠብሰው ይበሉት እንደነበር ያሳያሉ። መሣሪያቸውን ይቀርጹበት የነበረው ጥቁር ባልጩትም ከዚያው ተራራ የሚገኝ ነበር።

እኛ ግን «ምድረ ቀደምት» ስንል የምንጠራው የድንቅነሽንና በደቡብ ኢትዮጵያ በኦሞ ኪቢሽ የተገኙትን የጥንት ዘመናዊ ሰው አጥንቶች ብቻ ነው። የኦሞ ኪቢሹ ቅሪት ዕድሜ በ2022 እ.ኤ.አ. ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ ሲል ተደስተናል፤ ደስታው ተገቢ ነው። ነገር ግን የዕድሜ ቁጥር ሰዎቹ ክፉ ዘመንን በምን ብልሃት እንዳለፉ አይነግረንም። የታሪክ መማሪያ መጻሕፍትም ስለ ዘመነ ድንጋይ በሚያትቱባቸው ገጾች ከቅሪተ አካላቱ ዝርዝር ጎን የሽንፋን ኩሬዎችና የባሌን ዋሻ በስም፣ በካርታና በሥዕል ቢያስገቡ ይገባል፤ ለመተማና ለባሌ ተማሪ ይህ የገዛ አካባቢው ታሪክ ነውና።