ለክቡር ዳሽቦርድ ፖሊሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ዳሽቦርድ ፖሊሽ
ባሉበት (ማለትም በየላቫጆው ጥግ፣ ክዳኑ በምስማር በተበሳ ሃይላንድ ውስጥ)

ጉዳዩ፦ ከመኪናችን እንዲወርዱልን ስለመጠየቅ

ክቡርነትዎ፣ እንዴት ሰነበቱ? ደህንነትዎን እንኳን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ከመናፈሻ እስከ ፒያሳ በሩ በተከፈተ ሚኒባስ ሁሉ ውስጥ ፊትዎ ሲያበራ እናያለን። ማሻአላህ ነው። ደሴ ላይ መኪና ታጠበ የሚባለው እርስዎ፣ የመኪናውን የውስጥ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቁት ቅባት፣ ሲፈሱበት ብቻ ከሆነ ቆየ። አቧራው እንደተኛ፣ የኦቾሎኒው ልጣጭ አየር ማውጫው ውስጥ እንደተሰገሰገ፣ እርስዎ ከላይ ይደረቡበትና የላቫጆው ልጅ "ወላሂ ጋሼ፣ አዲስ ሆነች!" ይላል። ባለመኪናው ደስ ብሎት ይከፍላል። አቧራውም ደስ ይለዋል፤ ከእንግዲህ ማን ይነካዋል?

ደላሎችማ ስምዎን ሲጠሩ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ዕድሜዋ ከሹፌሯ የማያንስ ኮሮላ እርስዎን ተቀብታ ከቆመች ወዲያው "ሴት የያዘቻት ናት" ትባላለች። ሴትየዋን ያያት የለም፤ እርስዎ ግን በምስክርነት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ብዙ ጊዜ ዳሽቦርዱም፣ የበሩ ሽፋንም፣ "ሌዘር ነው" ተብሎ የተሸጠልን አብዛኛው የወንበር ልብስም ቪኒል ነው። ቆዳ ቅባት ይጠጣል፤ ቪኒል ግን ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ እርስዎን የሚጠጣበት ጉሮሮ የለውም። በተፈጥሮው ግትር ነው፤ እንዲተጣጠፍ ተብሎ ፋብሪካ ውስጥ ማለስለሻ ኬሚካል ይቀላቀልበታል። ሙቀትና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ያ ማለስለሻ ጥቂት በጥቂት ይተናል። የፊት መስታወቱን ከውስጥ በኩል የሚሸፍነው፣ በእጅ ሲጠርጉት ይብስ የሚጨማለቀው ጭጋግ በከፊል እሱ ነው። ማለስለሻው ሲሟጠጥ ዳሽቦርዱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እርስዎ "ቪኒል እመግባለሁ" እያሉ ያስወራሉ፤ የተነነውን ግን አንዲት ጠብታ መልሰው አያውቁም። ሲሊኮንዎን አንጥፈው ላይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ያብረቀርቃሉ፣ ከኩታበር መንገድ የመጣውን አቧራ ሁሉ እንግዳ ተቀብለው ያሳድራሉ።

ይኼም ሃይላንዱ ውስጥ ያሉት እርስዎ ራስዎ ሲሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ናፍጣ የተበረዘበትን ወኪልዎን ነው። ናፍጣና ቤንዚን ደግሞ የተረፈችውን ማለስለሻ ከቪኒሉ ውስጥ ስበው የሚያወጡ ናቸው። ዛሬ ያበራል፣ ከርሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ሲመጣም መድኃኒቱ እርስዎ ነዎት ተብለን ድጋሚ እንቀባለን። እንዲህ ያለ ገበያ ለማን ተሰጥቶት ያውቃል?

አገሩም አላገዘንም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ተሰቅላለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይበረታል፤ እኛ ብርዱ አታሎን ጋቢ እንደርባለን፣ ጨረሩ ዳሽቦርዱን ይጠብሳል። ኮምቦልቻ ወርደን መኪናውን ፀሐይ ላይ ስናቆመው ደግሞ ዳሽቦርዱ 70 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። ምስኪን ቪኒል! ላይ በጨረር፣ ታች በሙቀት፣ መሃል ላይ በእርስዎ።

መሃል ካልን ዘንዳ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ያለውን ቁልቁለት፣ ሐረጎን፣ ሳናነሳ አናልፍም። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው፣ ኩርባውም መንገደኛ የሚያስጸልይ ነው። ጠዋት ጉም ይዞት ያረፍዳል። ጉሙ ሲገለጥና ፀሐይ ስትወጣ "ተመስገን" ልንል አፋችንን ስንከፍት፣ እርስዎ ብርሃኑን ተቀብለው መልሰው መስታወቱ ላይ ይረጩታል። ያን ጊዜ ሹፌሩ ከኩርባው የሚወጣውን ተሳቢ አያይም፤ የሚያየው መስታወቱ ላይ የተንሳፈፈውን የሶፍት ካርቶን ነው። ፀጉራም ጨርቅ ዳሽቦርዳቸው ላይ የሚያነጥፉትን የድሮ ሹፌሮች "ያረጀ ፋሽን" ብለን ስቀንባቸው ነበር። ለካ ጨርቅ ብርሃን አይመልስም!

ወንበሩ ላይ ሲቀቡም ጉድ ነው። ኩርባው ወደ ግራ ሲታጠፍ ጋቢና ያለን ሁሉ ተንሸራትተን በሩ ላይ እንለጠፋለን፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተመልሰን ማርሹን እናቅፋለን። ከጎናችን ያሉ እናት "አብሽር ልጄ፣ ተደገፈኝ" ይላሉ፤ ሐረጎ ሳያልቅ ተዛምደን፣ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆንን ተጠያይቀን፣ ተመራርቀን እንወርዳለን። ይኼን ውለታዎን አንክድም።

አድልዎ የለብዎትም መባሉም እውነት ነው። አርብ የነጩን ጀለቢያ ጀርባ፣ እሁድ የነጠላውን ጥለት እኩል ያጠቁራሉ። ሃይማኖት ባለመለየትዎ ፍጹም ወሎዬ ነዎት። ሆኖም መሪውንና የፍሬን መርገጫውን መቀባትዎ ከቀልድ ያለፈ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ሽሙጡን ትተን በቀጥታ እንናገራለን፦ እዚያ አይድረሱ።

በእርስዎ ቦታ የሥራ ማስታወቂያ አውጥተን ነበር። በረኪና፣ ቲነርና የምድጃ ቅባት ማስለቀቂያ ቀድመው አመለከቱ፤ ቪኒሉን ስለሚጎዱ ማመልከቻቸው ሳይከፈት ተመልሷል። ያለፈው ለብ ያለ ውሃ ነው፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይዞ። አሠራሩም እንደ እርስዎ ግርግር የለውም፤ መጀመሪያ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፣ ከዚያ ሬዲዮውና ማብሪያ ማጥፊያው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይታሻል፣ ሳሙናው በሌላ ንጹህ እርጥብ ጨርቅ ይነሳል፣ ይደርቃል። ማብረቅረቅ የለም። ዳሽቦርድ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብዘዝ ያለ መሆኑን ስንቱ ረስቶታል መሰለዎት! ጨረር የሚከላከል ነገር የግድ ካስፈለገም፣ ውሃ መሠረቱ የሆነ፣ የማያብረቀርቅ የአጎትዎ ልጅ አለ፤ ጨርቅ ላይ በትንሹ ጠብ ተደርጎ ይቀባል፣ የተረፈው ይወለወላል። በነፃ የሚሠራ ሠራተኛም አግኝተናል፤ የፊት መስታወቱ ላይ የሚጋረድ አንድ ካርቶን።

እርስዎን ግን ጎዳና ላይ አንጥልዎትም። ጎማው ጎን ላይ ቢቀመጡ ከሹፌሩ ዓይንም ከነጠላችንም ይርቃሉ። ጎማው የሚረግጥበት ላይ ብቻ እንዳይደርሱ፤ ሐረጎ አለብን።

ከማያንሸራትት ሰላምታ ጋር
የጋቢና ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ለፊት መስታወት
ለደላሎች (ሴትየዋን ይዘው እንዲቀርቡ)
ለላቫጆው ልጅ (ደብዳቤውን እጁን ታጥቦ እንዲይዘው)