ምስጋና ለማይፈራው ጎብኚ

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» አለ ይባላል። ዘንድሮ ቁርበት የሚያስነጥፈው ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 2 ኪሎ ቁርጥ አስጠቅልሎ፣ ከጣርማበር ወደ መንዝ ታጥፎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓሳ ከተባለው የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ የሚደርሰው ጎብኚያችን ነው። ክብር ይገባዋል።

የመንዝ ሰው ያሳዝናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጓሳን ሣር ቄሮ በተባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ጠብቆ፣ ከአውሬው ጋር ጎን ለጎን ኖሮ፣ የተማረው ሲመሽ በጉን አስገብቶ በር መቀርቀር ብቻ ነው። ሌሊት ከወጣም ዱላና ባትሪ ይዞ፣ ጓደኛ አስከትሎ። ጎብኚያችን ግን ቲክቶክ ላይ ተምሯል።

ጀግንነቱ በጭላዳ ዝንጀሮ ይጀምራል። ጭላዳ ሣር በል መሆኑን አንብቧል፤ ወንዱ የሚያስፈራ ክራንቻ እንዳለው የሚናገረው አንቀጽ ጋ ሲደርስ ኔትወርክ ተቋረጠ። ስለዚህ ግልገሏን ካዘለችው እናት ሁለት እርምጃ ላይ ተንበርክኮ ሰልፊ ያነሣል። ወንዱ የዓይኑን ቆብ ወደ ላይ ስቦ ሲያፈጥ፣ የላይ ከንፈሩንም ገልብጦ ድዱን ሲያሳይ «ሳቀልኝ!» ይላል። ለሣቁም ዳቦ ይወረውርለታል። ዳቦ የለመደ ጭላዳ ለሚቀጥለው ጎብኚ ቦርሳ ፈታሽ ይሆናል፤ ያ ግን የሚቀጥለው ጎብኚ ጉዳይ ነው።

ቀይ ቀበሮውንም አልረሳውም። ይህ እንስሳ አይጥ እንጂ ሰው አያድንም፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፣ ለአካለ መጠን የደረሰውም ከ500 አይበልጥም ይባላል። ጎብኚያችን ታዲያ ብቸኝነቱ አሳዝኖት ያልተከተበ ውሻውን ከከተማ ይዞለት ይመጣል። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከገባ መንጋውን ሊጨርሰው እንደሚችል ማን ይንገረው?

ዋናው ግን ሌሊቱ ነው። ጠባቂው «ልጄ፣ ሥጋውን መኪና ውስጥ ቆልፈው» ሲሉት፣ «አባባ፣ ጅብማ ፈሪ ነው፤ እኛ አለን» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ጅብ በቀን ፈሪ ነው። ሲመሽ ግን ጠባዩ ይለወጣል፣ በተለይ መንጋው ከኋላ ካለ። ጎብኚያችን ይህንን አውቆ ይመስላል ግብዣውን በሥርዓት የሚያሰናዳው፦ ድንኳኑ በር ላይ ይጠብሳል፣ አጥንቱን «ውሻ ይበላዋል» ብሎ ሦስት እርምጃ ይወረውራል፣ ቅባት የነካውን ድስት ሳያጥብ ያሳድራል፣ የተረፈውን ሥጋ ከነወረቀቱ ራስጌው ያኖራል። ከዚያ ቢራው ስላሞቀው የድንኳኑን ዚፕ ከፍቶ ጭንቅላቱን ወደ ውጭ አድርጎ ይተኛል። ጅብ የማይንቀሳቀስ ሰው ሲያገኝ ይደፍራል፤ የሚነክሰውም ያገኘውን ነው፤ በዚህ አተኛኘት የሚያገኘው ፊት ነው።

ፈሪዎች እንዲህ ያደርጋሉ፦ ምግብ የሚያበስሉትና የሚበሉት ከመኝታቸው 100 እርምጃ ርቀው ነው። አጥንትና ትርፍራፊ ክዳን ባለው ዕቃ መኪና ውስጥ ይቆልፋሉ። እጅና ፊታቸውን ታጥበው፣ ያበሰሉበትን ልብስ ቀይረው፣ ዚፑን እስከ ታች ዘግተው፣ ራሳቸውን ወደ ድንኳኑ መሐል አድርገው ይተኛሉ። ለሽንት ሲወጡ ሁለት ሆነው በባትሪ ዙሪያውን ይቃኛሉ፤ የሚያበራ ዓይን ካዩ ፊታቸውን ሳያዞሩ ይጮኻሉ፣ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ጀግናው ግን ይሮጣል። ጅብ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ የከተማ ሳንባ አሥረኛው እርምጃ ላይ ይቅርታ ይጠይቃል።

ወፍ ዋሻ ደን ሲገባም ያው ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ፣ አስጎብኚውን ጥሎ ብቻውን ይቀድማል። ነብር አድፍጦ ነው የሚይዘው፣ ሰዓቱም ያው ንጋትና ምሽት ነው። ድንገት ቢያጋጥም ከቁመቱ ዝቅ የሚል ሰው አዳኝ ሳይሆን ታዳኝ ይመስላል፤ ስለዚህ ጎንበስ አለማለት፣ ጀርባ አለመስጠት፣ ልጅን ከአጠገብ አለማራቅ፣ እጅን ዘርግቶ ድምፅ ከፍ ማድረግ ይመከራል። ጎብኚያችን ስልኩን ለማንሣት ጎንበስ ይላል።

ከተነከሰም በኋላ ቆራጥ ነው። ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ውሃ ማባከን መስሎ ስለሚታየው የቡና ዱቄት ነስንሶ በሻርፕ ያስረዋል። ሕክምና ጣቢያ በግድ ቢወስዱትም የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወግቶ የ3ኛውን፣ የ7ኛውንና የ14ኛውን ቀን ቀጠሮ ይተዋል። ምን ያድርግ፣ ቁስሉ ደርቋል፤ ቪዲዮውም ገና ሌላ ክፍል አለው።