ከፎቶ የተቀዳ ፊት የኮሌጅ በር አይከፍትም

በማኅበራዊ ሚዲያ የወጣት ሰዓሊ ችሎታ ብዙ ጊዜ የሚለካው በአንድ ነገር ነው። የታዋቂ ሰው ፎቶ ይመረጣል፣ በእርሳስ ወይም በቻርኮል እስከ ሽፋሽፍቱ ድረስ ይሳላል፣ ከዚያ ፎቶውና ሥዕሉ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ። «ፎቶ ነው ወይስ ሥዕል?» የሚለው አድናቆት ይጎርፋል፣ ወላጅም ይኮራል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ አድናቆቱ አይበዛበትም። ችግሩ የሚመጣው አንዲት ልጅ እንዲህ ዓይነት አሥራ አምስት ፊቶች ሰብስባ ለአሜሪካ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ስትልክ ነው። በእኔ ግምት ከአዲስ አበባም ሆነ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የሚያመለክቱ ልጆቻችን ከምንም በላይ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው።

ፎቶ ከሆነ ነገሩ አስቀድሞ አልቋል። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ፊቱ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚጨልም ካሜራው ወስኖታል፤ ለሰዓሊው የቀረለት መገልበጥ ብቻ ነው። ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን የሥራ ስብስብ፣ የሚገመግሙት መምህራን ደግሞ ማወቅ የሚፈልጉት አመልካቹ በገዛ ዓይኑ ምን እንዳየና ምን እንደመረጠ ነው። እጅን በአራት ዓመት ውስጥ ያሠለጥኑታል፤ ማየት የማይወድ ሰው ግን ያስቸግራቸዋል።

የሥራው ብዛት እንደየትምህርት ቤቱ ይለያያል። ሮድ አይላንድ ስኩል ኦቭ ዲዛይን ከ12 እስከ 20 ሥራ ይጠይቃል፤ የቺካጎ አርት ኢንስቲትዩት ትምህርት ቤት ከ10 እስከ 15። (ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም የተማሩት በዚሁ በቺካጎው ነው፤ ተመልሰው አዲስ አበባ ላይ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መሠረቱ።) ከሚላኩት ሥራዎች ውስጥ ቢያንስ አራቱ ወይም አምስቱ ከፊት ለፊት ካለ ነገር በቀጥታ የተሳሉ ቢሆኑ እመክራለሁ።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። ጀበና፣ ሁለት ስኒ፣ የተጣጠፈ ነጠላ፣ አንድ የሚያንጸባርቅ ብረት ድስት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። የጣሪያው መብራት ይጥፋና አንድ መብራት ብቻ ከጎን ይብራ፤ መብራቱ ሁለት ከሆነ ጥላው ሁለት ይሆንና ቅርጹ ይጠፋል። ወረቀቱ ትልቅ ይሁን፣ ወደ 45 በ60 ሴንቲሜትር። በትንሽ ወረቀት ላይ የሚሠራ ሰው በጣቱ ይስላል፣ በትልቁ ላይ ግን በክንዱ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም ጥላ ሳይነካ ልኬት ላይ ብቻ ይዋል። ክንድን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይን ጨፍኖ፣ የጀበናው አንገት ከሆዱ ስንት እጅ እንደሆነ በእርሳስ መለካት ያስፈልጋል።

ስህተቶቹ ከሞላ ጎደል የታወቁ ናቸው። የስኒው አፍ ክብ መሆኑን ስለምናውቅ ከምናየው በላይ አክብበን እንስለዋለን፤ የስኒው ግርጌ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንብናል። በእውነቱ ግርጌው ከዓይናችን ደረጃ ይበልጥ ስለሚርቅ ከአፉም በላይ ጎበጥ ማለት ነበረበት። ሌላው ስህተት ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ጥቁር መስመር ማጠር ነው። ብርሃን የመታው ጠርዝ ከበስተጀርባው ጋር ሊዋሃድ ይገባል፣ ቢጠፋም ምንም አይደል። ከሁሉም የከፋው ዕቃዎቹን ወረቀቱ መሐል ላይ ሰብስቦ ዙሪያውን ባዶ መተው ነው። ጠረጴዛው የት አለ? ግድግዳውስ? ገምጋሚው መጀመሪያ የሚያየው ወረቀቱ በሙሉ እንዴት እንደተያዘ ነው።

ፊት መሳል የሚወድ አይከልከል፤ መስታወት ፊት ይቀመጥና ራሱን ይሳል። ከፎቶ ይልቅ ያስቸግራል፤ ጭንቅላት ይንቀሳቀሳል፣ ብርሃን ይለወጣል፣ ሰዓሊው በየደቂቃው መወሰን ግድ ይሆንበታል። ከፎቶ የተሳለ ሥራ ማካተት የግድ ከሆነም ፎቶውን ያነሳው ራሱ አመልካቹ ይሁን።

ሥራ ሲመረጥ ቁጥር መሙላት ክፉ ፈተና ነው። ሃያ ስለተፈቀደ ሃያ መላክ አያስፈልግም። ደካማው ሥራ ጠንካራዎቹን ይጎትታቸዋል፤ ገምጋሚው «ይህን ከመልካሞቹ ጋር እኩል ነው ብሎ አምኖ ላከው» ብሎ ያስባል። ስለዚህ በጠንካራ ይጀመር፣ በጠንካራ ይለቅ። ትምህርት ቤቱ ከፈቀደ ሁለት ሦስት የስኬች ደብተር ገጾች ይጨመሩ፣ የተሰረዙትና ተደራርበው የተሞከሩት ሳይጸዱ።

ሥራው ጥሩ ሆኖ ፎቶው ሲያበላሸውም ይታያል። የእርሳስ ሥዕል በብልጭታ ሲነሳ ያብለጨልጫል፣ አምፖል ስር ሲነሳ ወረቀቱ ቢጫ ይሆናል። ደመናማ ቀን ተመርጦ ሥራው ውጭ ጥላ ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ስልኩ ከሥዕሉ መሐል ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይያዝና ራቅ ብሎ በዙም ይነሳ። በጣም ተጠግቶ ማንሳት ቀጥ ያሉትን ጠርዞች ያጎብጣቸዋል። መስታወት ካለው ይውጣ። በኋላም ጠርዙ ላይ ይቆረጥ፤ ምንጣፍ፣ ጣት፣ የወንበር እግር አይታይ።

ስላይድሩም በሚባለው መላኪያ ላይ ለየሥራው ርዕስ፣ የተሠራበት ቁሳቁስ፣ መጠንና ዓመት ይሞላል። አገር ቤት ያሉ አመልካቾች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። በ2017 ዓ.ም. የተሠራን ሥዕል 2017 ብሎ የሞላ ሰው ብዙ ዓመት የቆየ ሥራ ላከ ተብሎ ይታያል፤ ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው የሚፈልጉት።

ከማመልከቻው ጋር የሚላከው ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ከፎቶ የተቀዳውን ፊት ይመስላል። ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ በሚመለከትበት በኮመን አፕ በኩል የሚላከው ድርሰት ቢያንስ 250፣ ቢበዛ 650 ቃል ነው፤ ስለ ሥራው የሚጻፈው ማብራሪያ ደግሞ ሌላ ነው፣ አንዱን ለሁለቱም ማዋል አይሠራም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እወዳለሁ» ብሎ የማይጀምር ብርቅ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ፣ አክሱምና ላሊበላ፣ ቡና፣ እያሉ ከ650ው ሁለት መቶውን ይጨርሳሉ። አንባቢው ስለ ኢትዮጵያ ማንበብ ቢፈልግ ሌላ ቦታ ያገኛል። ድርሰቱ ማሳየት ያለበት የአመልካቹን አንድ ውሳኔ ነው፦ ነጠላውን ለምን ከጀበናው አስበልጦ ሳለው? ሦስት ጊዜ ደምስሶ በአራተኛው ምን ለወጠ? አጻጻፉ አገር ውስጥ የሰማነው ዓይነት እንግሊዝኛ ቢሆን ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚመጣው አጎት፣ የተከፈለው አርታኢ ወይም ቻትጂፒቲ ሲያስተካክለው ነው፤ ድምፁ ይለወጥና ከማብራሪያው ጋር ሲነጻጸር የሁለት ሰው ጽሑፍ ይመስላል። አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች ቃለ መጠይቅ ስላላቸው እዚያም ይጋለጣል።

ቴአትር የሚያመለክቱት ሌላ በሽታ አለባቸው፤ ጩኸት። በትምህርት ቤት መድረክ መነባንብ የለመደ ልጅ ሞኖሎጉንም፣ ማለትም አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻውን የሚናገረውን፣ ለአዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ያሰማል። ብዙ ክፍሎች ግን መጀመሪያ የሚያዩት ቪዲዮ ነው፣ ካሜራውም አንድ ሜትር ላይ ነው ያለው። በተለምዶ የሚጠየቁት ሁለት የተለያየ ስሜት ያላቸው ሞኖሎጎች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። ይህ በተረጋጋ ንግግር ቢበዛ ወደ 200 የእንግሊዝኛ ቃል ነው፤ ከዚያ የበለጠ ከሆነ ይቆረጥ እንጂ አይፍጠን። ከታተመ ተውኔት ይመረጥ፣ ከፊልም አይሁን፤ ተውኔቱ በሙሉ ይነበብ፤ ገጸ ባሕርይውም በዕድሜ ለአመልካቹ የሚቀርብ ይሁን። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የሼክስፒሩን ሽማግሌ የንጉሥ ሊርን ሐዘን ባይሸከም ይሻላል። ስልኩ አግድም ይቀመጥ፣ ብርሃን ከፊት ይምጣ፣ ዓይን ከሌንሱ ጥቂት ጎን ያለ ነጥብ ላይ ይረፍ፣ በመሐል ቆርጦ መቀጠል አይኑር። የአማርኛ ቅላጼ ያለውን እንግሊዝኛ በግድ አሜሪካዊ ለማድረግ መሞከር ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ትወናውን ትቶ አንደበቱን ሲጠብቅ ይታያልና።

ለመድረክ ንድፍ፣ ለመብራት ወይም ለመድረክ አስተዳደር የሚያመለክት ተዋናይ መሆን አይጠበቅበትም። የመድረክ አስተዳዳሪው ደብተር፣ መብራት የሚለወጥበትና ተዋናይ የሚገባበት በየመስመሩ የተመለከተበት፣ ከስድስት ያማሩ ፎቶዎች ይበልጣል። የቡድን ሥራ ከሆነ የአመልካቹ ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር በግልጽ ይጻፍ።

የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 1 ከሆነ ሥዕሉ ግንቦትና ሰኔ ላይ መጀመር አለበት። አሜሪካ ያለ ልጅ በመኸር ወራት የሚካሄደውን ናሽናል ፖርትፎሊዮ ዴይ አያምልጠው፤ የኮሌጆች ተወካዮች ሥራ በነጻ አይተው አስተያየት ይሰጣሉ፣ በኢንተርኔት የሚካሄድም ስላለ ከአዲስ አበባም ይቻላል። ያላለቀ ሥራ ይዞ መሄድ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ለማስተካከል ጊዜ የሚኖረው ያኔ ነው። ክፍያን በተመለከተ፣ የኮመን አፕ ክፍያ ቢነሳም የፖርትፎሊዮው መላኪያ ለብቻው ሊያስከፍል ይችላል። ለመግቢያ ቢሮው አጭር ኢሜይል ጽፎ ይነሳልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን «ላክ» የሚለው ቁልፍ ከመነካቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት በፊት።