ሌባ ሆይ፣ እዚህ ነን

የሰፈራችን ሮንድ ከተቋቋመ ወዲህ በደሴ ሌሊቱን ያለ ሐሳብ የሚያሳልፍ ሰው ቢኖር ሌባው ብቻ ነው። ተረኞቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ዱላና ባትሪ ይዘው በየቅያሱ ይዞራሉ፤ መስኮቴ ሥር ሲደርሱም ቆም ብለው ፊሽካ ይነፋሉ። ምክንያቱን ስጠይቅ ሊቀመንበሩ ሀጂ፣ «ልጄ፣ ፊሽካ ካልተነፋ መጠበቃችንን ማን ያውቅልናል?» አሉኝ። ሌባውም በሚገባ ያውቃል፤ ፊሽካው በሰኞ ገበያ በኩል ሲሰማ እርሱ በቧንቧ ውሃ በኩል ሥራውን ያከናውናል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ ሆኖም ሰው ሁሉ ለነቀፋ ሲያውለው ውሻው ይበደላል ባይ ነኝ። ውሻው ዘግይቶም ቢሆን የጮኸው በነጻ ነው፤ መዋጮ አልሰበሰበም፣ ማኅተም አላስቀረጸም፣ ምክትልና ገንዘብ ያዥም አልመረጠም።

የጥንቱ ሌባ ፍለጋ ግፍ የበዛበት ነበር። በአውጫጭኝ ጊዜ ጥፋተኛው እስኪነገር ድረስ የአገሩ ሰው ሥራ ፈትቶ ሜዳ ላይ ይውል ነበር፤ በሌባሻይ ጊዜ ደግሞ መድኃኒት የጠጣው ልጅ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቀበሌ ሲመሠረትም ጥበቃው ከሌባ ይልቅ ጎረቤትን ወደ መቁጠር አዘነበለ። የእኛው ሮንድ የወረሰው ይህንን የመጨረሻውን ሳይሆን አይቀርም፤ እስካሁን አጣርቶ የደረሰበት ማን በርጫው ላይ እንዳመሸና የማን ተከራይ በሌሊት ዕቃ እንዳስገባ ብቻ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ባለ ፎቁ ጎረቤታችን ነው። በግንቡ ላይ የጠርሙስ ስባሪ፣ በስባሪው ላይ ሽቦ የዘረጋው ይህ ሰው፣ ሮንዱ ይቋቋም ተብሎ በቅሬው፣ ማለትም በዕድራችን፣ ስብሰባ ሲጠየቅ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ አጥንት ሲሰብር ግን ተራውን የሚወጣለት ዘበኛው ነው፤ ቀን ግቢ የጠበቀ ምስኪን ሌሊት ሰፈር ይጠብቃል፣ በደመወዙም ላይ ሳንቲም አልተጨመረለትም። በአንጻሩ ወንድ ልጅ የሌላት እንጀራ ሻጯ ጎረቤታችን ለቀረችበት ተራ ሁሉ መቀጮ ትከፍላለች። ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ለሀብታም ለድሃ፣ ለሙስሊም ለክርስቲያን ሳይለይ የሚያወጣው ቅሬያችን፣ ሮንድ ሲጨመርበት እንዲህ ያለ ሚዛን ከየት እንዳመጣ ሊያስረዳኝ የሚችል ሰው አላገኘሁም፤ ጥያቄውን በስብሰባ ላይ ባነሳም «ከአጀንዳ ውጪ» ተብዬ ተቀምጫለሁ።

የፊሽካውንም ነገር ቢሆን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ኮሚቴው የሚመለከተው በመጪው ስብሰባ ነው፤ ይኸውም ከሥራ ጫና የተነሣ የኮሚቴው አባላት ከሌሊት ተራ ነጻ ይሁኑ የሚለው የመጀመሪያ አጀንዳ ከጸደቀ በኋላ ነው።